የሃፊዛ ጓጉንቸር

ቡታጅራ ውስጥ ስለ ሃፊዛ ኡበይድ የሚወራውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሽማግሌ የናቀች ናት ይላሉ። ቃሏን ያጠፈች፣ እንደ ጋሽ ሽፋ ያለ ትልቅ ሰው አልጋ ላይ የጣለች፣ ምላሷን የማትገታ ሴት ናት ይላሉ። ባጃጅ ውስጥ ይወራል፣ ገበያ ይወራል፣ ሰርግ ቤት ይወራል። ከሚያወሩት ውስጥ አብዛኞቹ የበርበሬ ማደባለቂያ ማሽን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እኔ አይቻለሁ። ተናኘወርቅ እባላለሁ፤ እዚያው የበርበሬ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ ነገሩ የሆነ ቀንም እዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ከእኔ ስሙት። እየተናደድኩ ብነግራችሁም ቻሉኝ።

ሃፊዛ የመስቃን ልጅ ናት። አባቷ ኡበይድ በርበሬና በቆሎ የሚያርስ፣ ሰው ፊት ብዙ የማይናገር ገበሬ ነው። እሷ ግን ለሁለቱም የሚበቃ አፍ ይዛ ተወለደች። ከተማ ገብታ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የማሽን ጥገና ስትማር ዘመዶቿ «ምናለ ልብስ ስፌት ብትማር» ብለው ነበር አሉ። እኛ ጋ የተቀጠረች ሰሞን ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ፣ ሻርፗን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ሞተር ሥር ተኝታ ነበር የምናገኛት። ምሳዋን የምትበላው መኪና እንደሚያመልጠው ሰው ነው። ቆሞ የከረመ ሞተር እጇ ላይ ሲነሳላት ብቻዋን ትስቃለች። «ሰማሽው ተናኜ? ድምፁን ሰማሽው?» ትለኛለች። እኔ የምሰማው ጫጫታ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሰማሁ እላታለሁ። ቁጡ ናት፣ አልዋሽም። መፍቻዋን ሳያስፈቅድ ያነሳባትን ሰው ቀኑን ሙሉ ስታኮርፈው ትውላለች።

ማደባለቂያው ሰው በቁሙ የሚያስገባ የብረት ገንዳ ነው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ጠምዛዛ የብረት ምላጭ ተዘርግቶበታል፤ ሲዞር የተፈጨውን በርበሬ ከቅመሙ ጋር ይገለብጠዋል። ምላጩ ሲላላ ወይም በርበሬው ሲጋገርበት ሰው ገብቶ ነው የሚያስተካክለው፤ ሌላ መላ የለውም። ማብሪያው ደግሞ ራቅ ብሎ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ገንዳው ውስጥ ማን እንዳለ አያይም። ታዲያ ድሮ ሰው ሲገባ ምን እናደርግ ነበር? «ሰው አለ!» ብለን እንጮሃለን። አለቀ። አንዱ ማብሪያው አጠገብ ይቆማል፤ ሲሰለቸው ለሌላው አደራ ብሎ ይሄዳል፤ ያኛው ደግሞ ስልኩ ሲጮህ ለማናገር ወደ ውጭ ይወጣል። አጠገቡ ያለው የወንፊት ማሽን እያጓራ ማን ማንን ይሰማል? ጥንቃቄ የምንለው ይህን ነበር።

የሃፊዛ የአክስቷ ልጅ ሙንታሲር ወልቂጤ ከተማ አንድ ዱቄት ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። እሱም እንዲሁ «ሰው አለ» ተብሎለት ማሽን ውስጥ ገባ፤ ሲያወጡት ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች አልነበረም። አታት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሃፊዛ ልትጠይቀው ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ማሽኑን ያበራው ልጅ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ያለቅሳል» አለችኝ። «ሙንታሲር ደግሞ በቀረው እጁ እያሻሸ ያጽናናዋል። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ይለዋል። ተናኜ፣ አንድም የተናደደ ሰው የለም እኮ! እዚያ ክፍል ውስጥ የተናደድኩት እኔ ብቻ ነኝ!»

ወዲያው አዲስ አበባ ሄዳ መርካቶን ስታስስ ውላ ቀያይ ጓጉንቸሮች፣ ማብሪያውን አቅፎ የሚይዝ የብረት መቀርቀሪያና የሚንጠለጠል ካርድ ይዛ መጣች። ካርዱ ላይ በትልልቁ «ሃፊዛ ውስጥ ናት። እንዳይበራ» ብላ ጻፈች። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ለእኔ እንኳ አንዴ ተነግሮኝ ገብቶኛል። ገንዳው ውስጥ የሚገባው ሰው ራሱ ኃይሉን ያጠፋል፣ ማብሪያውን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይገባል። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ራሱ ይከፍታል። ሌላ ሰው አይከፍትም፤ የፋብሪካው ባለቤትም ቢሆን።

ጣጣው የመጣው በጋሽ ሽፋ በኩል ነው። ጋሽ ሽፋ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ የበሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እሳቸው ወገብ ላይ ነው። የሰፈሩ ሰው ሐጅ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ አማና፣ አደራ ብሎ የሚያስቀምጠው እሳቸው ጋ ነው። በእጃቸው የገባ ነገር ጎደለ ተብሎ አያውቅም። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን ያስተከሉልኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ያን ቀይ ጓጉንቸር ማብሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ሲያዩት ክው ብለው ቀሩ። የእኛ ከተማ ነጋዴ ከተማ ናት፤ ጓጉንቸር የሚያውቀው ሌባን ነው። ዘመድና ጎረቤት በሚሠራበት ቤት፣ ሽማግሌ ቆሞ እያየ፣ የራስን ጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪስ መክተት ስድብ ነው።

«ልጄ፣ ከእኔ ነው የምትቆልፊው?» አሏት።

«ከእርስዎ አይደለም ጋሽ ሽፋ። ማሽኑ እንዳይነሳ ነው።»

«ማሽኑ በራሱ ይነሳል እንዴ?»

«አይ፣ ሰው ነው የሚያስነሳው።»

«እንግዲያው ከሰው ነው የቆለፍሽው። እዚህ ያለነው ሰዎች ደግሞ እኛው ነን።»

እሷም አስረዳች፣ ሙንታሲርን አነሳች፣ እጇን እያወናጨፈች ገንዳውን አሳየች። ጋሽ ሽፋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት፤ በማግስቱ ግን ሥራ አልመጡም። የፋብሪካው ባለቤት ሰይዶ ተደናገጠ። ሰይዶ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው፣ ሰው እንዲቀየመው አይፈልግም። አንዲት ልጅ ለገዛ ሕይወቷ የቆለፈችው ጓጉንቸር በዚህ ሁኔታ ሽማግሌ ፊት ቀረበ።

ሰይዶ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። በመካከል ሐጂ ሸረፋ ተቀምጠዋል፤ ያላስታረቁት ሰው የለም፣ ንግግራቸው ማር ነው። ማሽኑ አጠገብ የምሠራ ስለሆንኩ እኔም ተጠርቼ በሩ ጋ ተቀምጫለሁ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ሐጂ ሸረፋ ሁሉንም የሚያስማማ ሐሳብ አገኙ፦ ጓጉንቸሩ ይቆለፍ፤ ግን ሃፊዛ ገንዳው ውስጥ በገባች ቁጥር ቁልፉን ለጋሽ ሽፋ አማና ትስጥ። ጋሽ ሽፋ ክብራቸው ይጠበቃል፣ ልጅቷም ጓጉንቸሯን አላጣችም። ሁሉም «ማሻአላህ» አለ። በእርግጥም ሁሉንም የሚያስደስት ውሳኔ ነበር፤ ገንዳው ውስጥ ከሚገባው ሰው በስተቀር።

«አይሆንም» አለች ሃፊዛ። «ቁልፉ ከእኔ ጋር ካልሆነ ጓጉንቸሩ ምን ይሠራል? ጋሽ ሽፋ ቢረሱስ? ቢጠየቁስ?»

«እሳቸው አማና ይበላሉ ነው የምትይው?» አሉ ሐጂ ሸረፋ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ምን ይመልሳል? አዎ ብትል ሰደበች፤ አይ ብትል ተሸነፈች። ያኔ አባቷን አስጠሩ። ኡበይድ ከገጠር መጥቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ በዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰው መካከል ቆመ። ስለ ማሽኑ ማንም አልነገረው። ልጅህ ሽማግሌ እምቢ አለች ብቻ ነው ያሉት። መሬት መሬት እያየ፣ «ሃፊዛ፣ አታሳፍሪኝ» አላት።

እሺ አለች። ለሽማግሌዎቹ ቃሏን ሰጠች። ዱዓ ተደረገ፣ ሁላችንም አሜን አልን፣ ሻይ መጣ። ሃፊዛ ሻዩን አልነካችውም።

ረመዳንና ሁዳዴ ሊገቡ የተቃረቡበት ሰሞን ነበር፤ በርበሬ በጣም የሚፈለግበት ጊዜ ነው። አንድ ዓርብ ረፋዱ ላይ የማደባለቂያው ምላጭ መንቋቋት ጀመረ። ሃፊዛ ኃይሉን አጠፋች፣ ጓጉንቸሩን ቆለፈች፣ ካርዱን አንጠለጠለች፣ ቁልፉን በተዋዋሉት መሠረት ለጋሽ ሽፋ በእጃቸው ሰጥታ ገንዳው ውስጥ ገባች። በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቸውም ተቀብለው ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር ወገባቸው ላይ አንጠለጠሉት።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ሰዉ ወደ ጁምዓ ሶላት መውጣት ጀመረ። እኔ እጄን ታጥቤ ስመለስ ማብሪያው ጋ ሰይዶ ቆሟል። አጠገቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ደንበኛ አለ፤ ብዙ በርበሬ ሊያዝ የመጣ ሰው ነው፣ ማሽኑ ሲሠራ ልይ ብሎ ነበር። ቀዩ ጓጉንቸር ተከፍቷል። የሃፊዛ ስም ያለበት ካርድ መሬት ላይ ወድቋል። የሰይዶ ጣት አረንጓዴው ማስነሻ ላይ ነው።

ልጮህ አፌን ሳልከፍት ሰይዶ ተጫነው።

ማሽኑ አልተነሳም። እንደገና ተጫነው። አልተነሳም። ሳቅ እያለ እንግዳውን አየት አደረገና አጥብቆ ደጋግሞ ተጫነው። ከዚያ ወደ ግቢው ዞሮ፣ «ሃፊዛ! ኧረ ሃፊዛን ጥሩልኝ! ማሽኑ አልነሳ አለ!» ብሎ ተጣራ።

«እዚህ ነኝ» የሚል ድምፅ ከገንዳው ውስጥ መጣ።

ነገሩ ቀድሞ የገባው ለእንግዳው ነው። ራሱን ይዞ እየተንገዳገደ ወጣ። ሰይዶ ግን ጣቱን እንኳ ከማስነሻው ላይ አላነሳም። ሃፊዛ ከገንዳው ወጣች። እስከ ሽፋሽፍቷ ድረስ በርበሬ ሆናለች፤ ዓይኗ ያነባል፤ ከበርበሬው ይሁን ከሌላው እኔ አላውቅም። ማንንም ሳታናግር ወደ ማሽኑ ኋላ ሄደች፣ ሞተሩ ሥር ጎንበስ አለች፣ ከካልሲዋ ውስጥ ቁልፍ አወጣች። እዚያ ማንም የማያየው ቦታ ሌላ ትንሽ ማጥፊያ ገጥማ፣ ሌላ ቀይ ጓጉንቸር ቆልፋበት ኖሯል። የሠራችው ዱዓ በተደረገ ማግስት ነው። ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። በግድግዳው ጓጉንቸር ሽማግሌዎቹን ታስደስታለች፤ በሁለተኛው ትተርፋለች።

ከዚያ ፈነዳች። «አንተ!» አለችው ሰይዶን፤ ሁልጊዜ ጋሼና እርስዎ ነበር የምትለው። «ማሽኑ ለምን አልተነሳም ብለህ ትጠይቃለህ? ማን ውስጥ አለ ብለህ አትጠይቅም? ሁለት እርምጃ ሄደህ ገንዳው ውስጥ ማየት አቃተህ?»

ጋሽ ሽፋ ውዱዕ አድርገው፣ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ፣ ክንዳቸው ውኃ እያንጠባጠበ ገቡ። ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጋሽ ሽፋ፣ አማና ማለት ይህ ነው?»

በሩ ጋ የተሰበሰበው ሠራተኛ ሁሉ ሰማ። ጋሽ ሽፋ ተደግፈው ቤታቸው ሄዱ፤ ታመሙ ተባለ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጋሽ ሽፋ ሕመም ነበር። ልጅቷ ውስጥ እያለች ማሽን ሊበራባት ነበር ብዬ ስናገር፣ «እሱስ ተርፋለች፤ ግን ሽማግሌን እንዲያ ይናገሩታል?» ይሉኛል። በዚህ ምክንያት ያኮረፍኳቸው ጎረቤቶች አሉ። እስካሁን አልታረቅኳቸውም፤ የመታረቅ ሐሳብም የለኝም።

ሁለተኛው ሽምግልና ጋሽ ሽፋ ቤት ተደረገ። እሳቸው ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ በእርግጥም ፊታቸው ገርጥቷል። ሐጂ ሸረፋ የሃፊዛን ጥፋት አንድ በአንድ ተናገሩ። ለሽማግሌ ቃል ገብታ በድብቅ ሌላ ጓጉንቸር ቆለፈች። አሠሪዋን አንተ አለች። አባቷ የሚሆኑ ሰው እንግዳ ፊት አዋረደች። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ስለተከፈተው ጓጉንቸር አንድ ቃል አልወጣቸውም።

አልቻልኩም። «ቁልፉስ ሐጂ?» አልኩ ከበሩ ጋ። «ቁልፉ እንዴት ሰይዶ እጅ ገባ?»

«ተናኘወርቅ፣ እሱ ያለፈ ነገር ነው» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ አትርፏታል።»

ጋሽ ሽፋ እጃቸውን አነሱ። ሐቀኛ ሰው ናቸው ብያለሁ፤ በጥያቄው ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«ሰይዶ እንግዳ ፊት ቁልፉን ጠየቀኝ» አሉ። «ልጅቷ ወጥታለች ወይ አለኝ። ሳትወጣ አትቀርም አልኩት። ቆይ ልይ ማለት… እንግዳ ቆሞ፣ ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ… ከበደኝ።»

ሽማግሌዎቹ እየተያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገብቷቸዋል። ይሉኝታ ነዋ! በእሳቸው ቦታ ቢሆኑ ሁሉም ይሰጡ ነበር። ሳትወጣ አትቀርም! የሰው ልጅ ምላጭ ላይ ቆሞ፣ ሳትወጣ አትቀርም! ያን ቃል ስሰማ ተነስቼ የሻዩን ትሪ ብገለብጠው ደስ ባለኝ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ቢኖር እኮ ይቀለኝ ነበር፤ እሱን እጠላና ይወጣልኛል። ሁሉም ደጎች ናቸው። ደጎች ሆነው ሊገድሏት ነበር።

ሐጂ ሸረፋ ውሳኔውን ተናገሩ። ሃፊዛ ተነስታ የጋሽ ሽፋን ጉልበት ትሳም፣ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ሁለተኛውን ጓጉንቸር ታንሳ፣ ሥራዋን ትቀጥል። ይህን ካላደረገች ሰይዶ ሊያሠራት አይችልም።

ሃፊዛ ቆመች። ስትናገር ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለ ነበር። «ጋሽ ሽፋ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ። ወላሂ ከልቤ ነው። የተናገርኩዎት ካስከፋዎት ይቅር ይበሉኝ። ስለ ሁለተኛው ጓጉንቸር ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ስለ እሱ ይቅርታ ብጠይቅ፣ ምነው በሞትኩ ማለቴ ነው።»

ሐጂ ሸረፋ ተነፈሱ፤ እንደ በፊቱም አባቷን ፈለጉ። ኡበይድ ከጥግ ተቀምጧል፤ ዛሬም ተጠርቶ ነው የመጣው። «ኡበይድ፣ እባክህ አናግራት» አሉት። ኡበይድ ተነሳ። ያንኑ ቃል ሊደግምባት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እሱ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ያን ቀን ቃሏን እንድትሰጥ ያደረግኳት እኔ ነኝ» አለ። «ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቃሏን ብትጠብቅ ኖሮ ዛሬ የት ነበር የምትቀመጡት?»

መልሱን ራሱ ሰጠ።

«እኔ ቤት ነበር» አለ። «ለቅሶ። ሐጂም ይመጡ ነበር፣ ሰይዶም ይመጣ ነበር፣ ጋሽ ሽፋም ድንኳን ያስተክሉልኝ ነበር። ቀደር ነው ትሉኝ ነበር፤ ሁላችሁም። እኔ ደግሞ…» አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታተረ፤ ያ ዝምተኛ ሰው መጮህ ሲጀምር ሁላችንም ደነገጥን። «እኔ ደግሞ አሜን እል ነበር! ልጄን ቀብሬ፣ እናንተን አመስግኜ፣ አሜን እል ነበር!»

የሃፊዛን እጅ ይዞ ወጣ። የከለከለው ሰው የለም። ጋሽ ሽፋ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። እኔም ተነስቼ ተከተልኳቸው።

እሷ አሁን ወልቂጤ ሌላ ፋብሪካ ትሠራለች፤ እዚያ ቁልፏን የሚጠይቃት የለም አሉ፣ አንድ ቀን አንዱ እስኪጠይቃት ድረስ። የኛ ማሽን ላይ ምን እንደሚደረግ አትጠይቁኝ። እኔ የማልረሳው ያን ዕለት ደጃፉ ላይ ያየሁትን ነው። አባትና ልጅ ጫማቸውን እያደረጉ ነበር።

«እኔንም ዋሽተሽኛል» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«አዎ አባባ።»

«ደግ አደረግሽ» አለ። የጫማውን ክር ሊያስር ሞከረ፤ ቋጠሮው ደጋግሞ ተፈታበት። ሃፊዛ ቁጭ ብላ አሰረችለት።